ያነበቡትን መልሰው ያንብቡ፦ ልብ የሚያሳርፍ የመጽሐፍ ጥግ በቤትዎ እንዴት ይሰናዳል?

ከሥራ ወጥተው፣ መገናኛ ላይ ታክሲ ተሰልፈው ጉርድ ሾላ ሲደርሱ መሽቷል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ የሚወርደው ብርድ እስከ ሳሎን ተከትሎዎት ይገባል። እራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው የምትተርፍ አንድ ሰዓት አለች። ብዙዎቻችን ይህችን ሰዓት ለስልክ እንሰጣትና ከበፊቱ ይበልጥ ደክመን እንነሣለን። መጽሐፍ እናንብብ ስንል ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ የሚያፈጡብን «አንድ ቀን አነባቸዋለሁ» ብለን የገዛናቸው፣ እንደ ዕዳ የሚከብዱ አዳዲስ መጻሕፍት ናቸው።

የደከመ ሰው የሚያውቀውን መጽሐፍ ቢደግም ይሻለዋል። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ማን ይሞት ይሆን፣ ማን ይከዳ ይሆን ብለው አይሰጉም። ሥጋቱ ሲወገድ አነጋገሩን ማጣጣም፣ በቀልዱ መሳቅ፣ በመጀመሪያው ንባብ የዘለሉትን ማየት ይጀምራሉ። ለዚህ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አያስፈልግም። ከአልጋዎ ወይም ከሶፋው አጠገብ አምስት ስድስት መጽሐፍ የምትይዝ አንዲት ጥግ ትበቃለች። አሰነዳዷ እንደሚከተለው ነው።

1. መጀመሪያ ያለዎትን ይፈትሹ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከዚህ ቀደም አንብበው የጨረሷቸውን መጻሕፍት በሙሉ ከመደርደሪያው አውርደው ወለሉ ላይ ይደርድሩ። ያላነበቧቸውን ለጊዜው ይተዉአቸው። ከዚያ እያንዳንዱን እያነሡ ሦስት ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦

• ሳልከፍተው ከመጽሐፉ አንድ ሰው ወይም አንድ ቦታ ፊቴ ላይ ይመጣል?
• መሐሉን ገልጬ አንድ ገጽ ባነብ፣ ሳላስበው ወደሚቀጥለው ገጽ እሄዳለሁ?
• ማታ አንብቤው መብራት አጥፍቼ መተኛት እችላለሁ?

ሦስቱንም ያለፈ መጽሐፍ ወደ ጥግዋ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ብቻ የወደቀ መጽሐፍ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሰዓቱ ሌላ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ይህንንም አብሮ ስለሚያነብ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በብርሃን ቢይዙት እንጂ ከመኝታ በፊት አልመክረውም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ም እንዲሁ ነው። ደጋግሞ ቢነበብ ዋጋው ይጨምራል፤ የሚፈልገው ግን ያረፈ አእምሮና እርሳስ ነው። እነዚህን ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጧቸው።

2. ፍጻሜው ያማረ መጽሐፍ ብቻ አይፈልጉ

ልብ የሚያሳርፍ መጽሐፍ ሲባል ሁሉም ተጋብቶ፣ ሁሉም ታርቆ የሚያልቅ ታሪክ የሚጠብቁ አሉ። የእኛ አንባቢ ልማድ ግን ሌላ ነው። አንባቢው ትውልድ በትውልድ ሲመለስበት የኖረው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የዚህ መጽሐፍ ፍጻሜ ደግሞ ከነስሙ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ፣ ለቅሶ የበዛበት መጽሐፍ ሰው ለምን ይደግማል? የታሪኩ ሰዎች ስለሚናፍቁት ነው።

መሞከር ከፈለጉ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ ይክፈቱ። ተፈቃሪዋ ሰብለ ወንጌል ገና አልመጣችም። ጎጃም ማንኩሳ ላይ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ሁለቱም የወጣትነት ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ትዳር ይይዛሉ። በዛብህ የሚባል ልጅ ይወለድላቸዋል፤ ልጁ እንዲያድግላቸውም ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ሰው ይህችን ስለት እንደ ተራ ነገር አይቶ ያልፋታል፤ የቸኮለው ወደ ፍቅሩ ነውና። ደግሞ የሚያነበው ግን እዚያው ላይ ይቆማል። ከብዙ ገጽ በኋላ በዛብህን የሚያሠቃየው ቋጠሮ የታሰረው እዚህ፣ በሁለት ሩኅሩኅ ወላጆች እጅ መሆኑን ያያል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነው ጉዱ ካሣም ሁለተኛ ሲነበብ ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ያሳቀን ንግግሩ በሁለተኛው ንባብ በዙሪያው ካሉት ሁሉ ትክክለኛው ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦ ቀጫጭን የወረቀት ቁራጮች ቆርጠው የሚወዷቸው ሦስት ወይም አራት ምዕራፎች መጀመሪያ ላይ ያስገቡ። በደከሙ ቀን ከእነዚያ አንዱን ያንብቡና ይዝጉት። ሰብለ ወንጌል ፊደል የምትማርበትን አንብበው መጨረሻውን ቢዘሉ የሚቆጣዎት የለም፤ መጨረሻውን አንድ ጊዜ አልቅሰውበታል።

3. መጽሐፉን ከስሜትዎ ጋር ያዛምዱ

አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ቀን አይሆንም። ጥግዋን ሲሞሉ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቢያደርጉ ይሻላል። የእኔ አመዳደብ ይህን ይመስላል፦

ሥራ ሲያደክምዎ፣ ወግ። አጭር ነው፤ በአንድ ስኒ ሻይ ያልቃል፤ ገጸ ባሕርያት ማስታወስ አይጠይቅም። የመስፍን ሀብተማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎች እና ሌሎችም ወጎች» በዚህ ዘርፍ ቀዳሚ ነው፤ ከተሜ ሰው በየቀኑ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ እንዲያይ ያደርጋል። ከቅርብ ጊዜዎቹ የበዕውቀቱ ስዩም አጫጭር ጽሑፎች እያሳቁ ያሳስባሉ።

አያት ወይም አባት ሲናፍቅዎ፣ የመንግሥቱ ለማ ሁለት መጻሕፍት። «የአባቶች ጨዋታ» ከመኝታ በፊት ለአንድ ጊዜ ፈገግታ የሚሆን ነው። «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ደግሞ ልጅ ተቀምጦ አባቱን ያናገረበት መጽሐፍ ነው። አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ቅኔ ቤት፣ ስለ መምህሮቻቸውና ስላዩት ዘመን ሲናገሩ ቋንቋው የሚነገር እንጂ የተጻፈ አይመስልም። ከየትም ገጽ ቢጀምሩት ጨዋታ መሐል ገብተው የተቀመጡ ያህል ይሰማዎታል። ከዝርዝሬ አንድ ብቻ አስቀር ቢሉኝ የማስቀረው ይህን ነው።

የሰው ጨዋታ ሲያምርዎ፣ የዘነበ ወላ «ማስታወሻ»። ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር ጋር የተደረገው ረጅም ጭውውት የፈሰሰበት ነው። ከስብሐት ጋር የማይስማሙ ሰዎች እንኳ ጨዋታውን መልሰው ይሰሙታል።

ተስፋ ሲርቅዎ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ይህ የአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ትርጉም ነው። ነቢይ መኮንን የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ በጥቃቅን ፊደል እየጻፈ ነው፤ ወረቀቶቹም በእስረኞች እጅ ጥቂት በጥቂት ወጡ። ይህን እያወቁ ሲያነቡት በጦርነት የተዘረፈባትን ቤት መልሳ የምታቆመው የዋና ገጸ ባሕርይዋ የስካርሌት ታሪክ ድርብ ይሆናል። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ለረጅም ሕመም፣ ለወሊድ ዕረፍት፣ ለክረምት ይመቻል።

እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ግጥም። እዚህ ላይ ግን ይምረጡ። የጸጋዬ ገብረመድኅን «እሳት ወይ አበባ» ቀስቃሽ ነው፤ ሌሊት ከከፈቱት ተነሥተው ሊንጎራደዱ ይችላሉ። የደበበ ሰይፉ «የብርሃን ፍቅር» ድምፁ ዝግ ያለ ነው። አንድ ግጥም ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ሦስተኛ አይጨምሩ።

ልጆች ሲኖሩ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» እና የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»። ልጅ መድገምን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ትናንት የሰማውን ተረት ዛሬም ቃል ሳይጎድል ይፈልጋል። «ታሪክና ምሳሌ»ን ከአያት ጋር ካነበቡት ሌላ ደስታ አለ። በልጅነታቸው በትምህርት ቤት በቃላቸው ስለወጡት፣ እርስዎ የጀመሩትን ግጥም እሳቸው መጽሐፉን ሳያዩ ይጨርሱታል።

4. በመጠን ይድገሙ

ደግሞ ማንበብን የሚያህል የቆየ ልማድ በእኛ ቤት የለም። ዳዊት የሚደግሙ እናቶችና አባቶች 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው፣ ዕድሜ ልካቸውን ይመላለሱበታል። ቁርኣንም በ30 ጁዝ ተከፍሎ በረመዳን ወር በየቀኑ አንድ አንድ እየተባለ ይከተማል። የአንባቢዎቹ መጽናናት ከመጽሐፉ ቅድስና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሰዓቱ የታወቀ፣ መጠኑ የታወቀ መሆኑም ረድቷቸዋል።

ይህን ሥርዓት ለልቦለድና ለወግም ይዋሱት፦

• አንድ ሰዓት ይወስኑ። ከእራት በኋላ ወይም ከንጋቱ ቡና ጋር ይሁን፤ ሰዓቱ ግን አይለዋወጥ።
• ከ10 እስከ 15 ገጽ ይብቃዎ። በመጽሐፉ ሲደሰቱ ይዝጉት፤ ሲሰለቹ ከዘጉት ነገ አይከፍቱትም።
• ስልክዎን ሌላ ክፍል ይተዉት። መብራት ሲጠፋ እንደ ባትሪ እጠቀምበታለሁ የሚል ምክንያት እንዳይኖር አንድ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ከመጽሐፎቹ አጠገብ ያኑሩ። ሻማ ከወረቀት ይራቅ።
• መጽሐፍ በጨረሱ ቁጥር በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ይጻፉ፤ አንድ መስመርም ይጨምሩ፦ ለምሳሌ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ «አሁን ያዘንኩት ለፊታውራሪ መሸሻ ነው» ዓይነት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ ዝርዝር ራሱ ይነበባል።

5. ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ያዳምጡም

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳያነቡት የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። ትረካው ዛሬም በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። እንጀራ ሲጋግሩ፣ ልብስ ሲተኩሱ፣ ወይም በባቡር ሲሄዱ አንድ ክፍል ያዳምጡና ማታ ያንኑ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ያንብቡ። የገጸ ባሕርያቱ ድምፅ አብሮዎት ይገባል።

ዐይናቸው የደከመ ወላጅ ቤት ውስጥ ካሉ እርስዎ ተራኪ ይሁኑ። የድሮ ደራስያን ዓረፍተ ነገር ይረዝማልና ነጠላና ድርብ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ይውሰዱ፤ አራት ነጥብ እስኪመጣ አይጠብቁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። እናትዎ መሐል ገብተው «እኛ አገር ሠርግ እንዲህ አልነበረም» ካሉ መጽሐፉን ጭንዎ ላይ አድርገው ያዳምጡ። ያ ወሬ ከምዕራፉ ቢረዝም ንባቡ ተሳካ ማለት ነው።

6. የጎደለውን ሲገዙ

ከጉርድ ሾላ ወደ መጽሐፍ ገበያ መድረስ አስቸጋሪ አይደለም። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ሌላ ባቡር ሳያስቀይር ለገሃር ያወርድዎታል። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ለረጅም ዘመን የአዲስና የአሮጌ መጻሕፍት መገኛ ሆኖ ኖሯል። ከተማው በፈረሳና በግንባታ ላይ ስለሆነ የሚያውቁት ሱቅ ከቦታው ካጡት አዟሪዎቹን ይጠይቁ፤ መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚዞሩት ልጆች ማን የት እንደተዛወረ ያውቃሉ፤ የጠፋ መጽሐፍም በቀጠሮ ያመጣሉ።

መጽሐፉ በእርግጥ ይደገም እንደሆነ ካልወሰኑ 4 ኪሎ ያለው፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ገብተው ሁለት ምዕራፍ ይሞክሩ። ልብዎ ካረፈ ይግዙት።

አሮጌ መጽሐፍ ሲገዙ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ይህን ያድርጉ። መጽሐፉን መሐሉ ላይ ቀስ ብለው ይክፈቱትና ጀርባውን ይመልከቱ፤ ሙጫው ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ ቤት ሲደርሱ ገጾቹ ይረግፋሉ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ይዩ፤ ቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነው። ከዚያ የገጽ ቁጥሩን እየተከታተሉ በፍጥነት ይግለጡ፤ በኅትመት ስሕተት 16 ገጽ ዘሎ ወይም ደግሞ የተጠረዘ መጽሐፍ ብርቅ አይደለም። በመጨረሻ ያሽትቱት። ሻጋታ የሸተተ መጽሐፍ ሌሎቹንም ይበክላል። ፊደሉ የደበዘዘ፣ የሽፋኑ ሥዕል የነጣ «አዲስ» መጽሐፍ ካጋጠመዎ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተባዛ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ይተዉት።

7. መጽሐፉን ከክረምት ያድኑት

ደጋግሞ የሚነበብ መጽሐፍ ይጎዳል። የእኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ በሙጫ ብቻ የተያያዙ ስለሆኑ 180 ዲግሪ ዘርግተው አያስተኟቸው። በወፍራም ወረቀት ወይም በላስቲክ ይሸፍኗቸው። የተቀደደ ገጽ ላይ ተራ ፕላስተር አይለጥፉ፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላል። ገጾቹ መርገፍ ከጀመሩ ጠራዥ ዘንድ ወስደው በክር ያስሰፉት፤ ከአዲስ መግዣ ይረክሳል፤ የጻፉበት የእርሳስ ማስታወሻም ይተርፋል።

በክረምት ግድግዳ እርጥበት ያስተላልፋልና መደርደሪያውን ከውጭ ግድግዳው በአንድ ጋት ያርቁት። ጥቅምት ሲገባ መጻሕፍቱን አውርደው፣ አቧራቸውን አራግፈው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ግማሽ ቀን ያናፍሷቸው። ቀጥተኛ ፀሐይ ሽፋኑን ያነጣል፤ ብሉን ለማባረር ነፋሱ ይበቃል።

8. የሚያውሱትንና የማያውሱትን ይለዩ

ከጥግዋ መጻሕፍት አንዱንም ፈጽሞ አያውሱ፤ ጠያቂው ወንድምዎ ቢሆንም። የሌሎቹን ተዋሽ ስምና ቀን በደብተር ይጻፉ። የሚወዱትን መጽሐፍ ለሰው ማስነበብ ካማረዎ ሁለተኛ ቅጂ ገዝተው ይስጡ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ በመንገደኛ ሻንጣ ሲልኩም እንዲሁ ያድርጉ፤ ማስታወሻ የጻፉበትን አይላኩ፤ አይመለስምና።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ መጻሕፍቱን በሚያናፍሱበት ቀን፣ ጥግዋን እንደገና ይከልሱ። በሃያ ዓመትዎ ያስለቀሰዎ መጽሐፍ በአርባዎ ካልነካዎ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ። ዝርዝሩ የእርስዎ ዕድሜ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ፈተና አይደለም፤ «ትልቅ መጽሐፍ ነው» ስለተባለ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይኑርበት።

አንድ አደራ ልጨምር። የሚደግሙት መጽሐፍ ደራሲ ወይም ተርጓሚ በሕይወት ካለ፣ በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ትተው ዋናውን ይግዙ። ደራሲ የሚቀጥለውን መጽሐፍ የሚያሳትመው ባለፈው ሽያጭ ነው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለው ያደርሱታል፤ ዛሬ ማታ ግን ከላይ ያሉትን ስምንት እርምጃዎች ሳይጠብቁ አንድ ያነበቡትን መጽሐፍ ያውርዱ፤ መሐሉን ይግለጡና አሥር ገጽ ያንብቡ።